አሮጌ ፒክአፕ ለያዛችሁ፦ የዘይት ፍሳሽና የእግር ኳኳታ አፈላለግ

ይህን የምጽፈው እንደኔ አሮጌ ሂሉክስ ይዛችሁ ደሴና ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ኩታበር እየተመላለሳችሁ እንጀራ ለምትበሉ ነው። ሌላ አገር ያላችሁም ብትጠቀሙበት ደስ ይለኛል። መኪናዬ ነጠላ ጋቢና ናፍጣ ናት። እግር የምለው ጎማውን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል ነው። የፊት እግሯ ሞላ የለውም፣ ክብደቱን የሚሸከመው ቶርሽን ባር የሚባለው ረጅም ዘንግ ነው። የኋላው እንደ ማንኛውም ጭነት መኪና ባሌስትራ፣ የተነባበረው ዝርግ ብረት ነው። ከኮምቦልቻ ቆርቆሮና ሲሚንቶ እጭናለሁ፣ በመኸር ጊዜ ጤፍና ማሽላ፣ ሲገኝ ደግሞ የባሕር ዛፍ አጠና። ሥራዋ ቀላል አይደለም፣ ዕድሜዋም ገፍቷል። ዘይት የማይፈስባትና የማትጮህ አሮጌ ፒክአፕ አላየሁም። ቁም ነገሩ የትኛው ፍሳሽ እንደሚገድል፣ የትኛው ደግሞ ዝም ቢባል እንደማይጎዳ መለየቱ ላይ ነው። እኔ ይህን እስክለይ ድረስ ብዙ ብር ፈሷል።

ስገዛት ሞተሯ ታጥቦ፣ ተወልውሎ ነበር። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ሄዳችሁ ሞተሩ እንዲህ አምሮ ከጠበቃችሁ አትደሰቱ። የታጠበ ሞተር ምንም አይናገርም። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱ፣ ዳገት አውጧት፣ ከዚያ ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ጥቂት ጠብቁና ከሥር ግቡ። ሞተርና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) የሚጋጠሙበትን ታች፣ የኋላ ጎማዎችን የውስጥ ገጽና የሾኮቹን አካል እዩ። ሻጩ «ኧረ ምን ትተኛለህ፣ ልብስህ ይቆሽሻል» ካላችሁ በደንብ ተኙ።

ከገዛኋት በኋላ ክረምቱ ሳይወጣ ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ ጥቁር ዘይት መንጠባጠብ ጀመረ። ያሳየሁት ጋራዥ ከሥር ቀና ብሎ እንዳየ ፈረደ፦ የክራንኩ የኋላ ኦይል ሲል (ዘይት በዘንጉ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚዘጋው ቀለበት) ነው፣ ካምቢዮ ይውረድ። ወረደ። ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮኑም (ክላቹ) ይቀየር ተባለ። ይህ ምክር በራሱ ክፋት የለውም፣ ካምቢዮ ለማውረድ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ያው አንድ ነውና። ክፋቱ ዘይቱ ከሲሉ ለመውጣቱ ማንም ሳያረጋግጥ ሥራው መጀመሩ ነው። መኪናዋ ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ያው ቦታ፣ ያው ጥቁር ጠብታ ተመለሰ። ጋራዡ «አሮጌ ናት፣ ምን ታደርገዋለህ» አለኝ። ይህን መልስ ስትሰሙ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ዓይኔን የከፈተው ግን የሞተሩ ፍሳሽ ሳይሆን ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት ነው። ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያች አጭር መንገድ ግን ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ እዚያው ላይ ጠመዝማዛው አለ። ጭኜ ስወርድ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መኪናዋ ወደ ግራ መሳብ ጀመረች፣ የተቃጠለ ነገርም ሸተተኝ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሬኑን ቆጥቤ፣ ከኋላዬ ጡሩምባ የሚነፋውን እየታገሥኩ ወረድኩ። ታች ደርሼ ሳይ የቀኝ የኋላ ጎማ የውስጥ ገጹ ከላይ እስከ ታች ረጥቧል፣ አቧራ ለጥፎ ወፍሯል። ፍሬን የሚስበው ጤነኛው ወገን ነው፤ መኪናችሁ ወደ ግራ ከሳበች ቀኙን ጠርጥሩ።

ኮምቦልቻ ውስጥ በእግር ሥራ የታወቁ፣ ሁሉም «ሀጂ» የሚላቸው አዛውንት አሉ። የፍሬን ዘይት ነው ብዬ ደምድሜ «ሀጂ፣ ሲሊንደሩን ይቀይሩልኝ፣ ጭነቱ ይጠበቃል» አልኳቸው። «አብሽር ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉኝ። ጎማው ወለቀ፣ ታምቡሩ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ተነቀለ። ሀጂ ከውስጡ ርጥቡን በጣታቸው ጠረጉና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል አሹት። ጣታቸውን ሲያላቅቁ ዘይቱ ክር እየሠራ ተሳበ። አሸተቱትና ወደ አፍንጫዬ አቀረቡት። የተበላሸ እንቁላል የመሰለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ አለው።

«የፍሬን ዘይት እንዲህ ይወፍራል?»

«አይ፣ ይቀጥናል።»

«ታዲያ ሲሊንደሩ ምን አጠፋ? ይኼ የዲፈረንሻል ዘይት ነው። በአክሱ በኩል ነው የመጣብህ።»

ዲፈረንሻል የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የጥርስ ቤት ነው፣ አክስ ደግሞ ከእሱ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ። የአክሱን ሲል ወዲያው የሚቀይሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከመኪናዋ ሥር ገብተው በአክሱ ቤት አናት ላይ ያለች ትንሽ ቆብ ፈለጉ። ጭቃ ደርቆባት ከብረቱ አትለይም። ይህች የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ናት። መኪና ሲሄድ ዲፈረንሻል ይግላል፣ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ መውጫ ይፈልጋል። መተንፈሻው ከተደፈነ ግፊቱ ደካማውን ቦታ ይፈልጋል፣ እሱም የአክሱ ኦይል ሲል ነው። ከዚያ ዘይቱ ቀጥታ ፍሬን ላይ። «ይችን ሳትከፍት ሲል ብትቀይር፣ ሲሉን ነገ መልሰህ ታመጣዋለህ» አሉኝ። በናፍጣ ታጥባ፣ በአየር ተነፍታ፣ ጣት ሲጫናት እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረች። እኔ በክረምት ጉጉፍቱ የሚባለው ቦታ ድረስ ጭቃ ስገፋ የከረምኩ ሰው ነኝ። መተንፈሻ የሚባል ነገር መኖሩን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

ስለ ዲፈረንሻል ሁለት ነገር ልጨምር። ዘይት ልትቀይሩ ስትሉ መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍቱ፣ የማፍሰሻውን ቀጥሎ። የመሙያው ዝጎ አልፈታ ካለ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያ አጥታችሁ ትቀራላችሁ። ደረጃው ደግሞ ከመሙያው ቀዳዳ ከንፈር ጋር እኩል ነው፣ ከዚያ በላይ ከተሞላ ራሱ ትርፉ ሲሉን ይገፋል። የወጣው ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ብዙ ጊዜ የሚገባው ወንዝ ስትሻገሩ ነው፦ የጋለ አክስ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተራል፣ በሲሉና በመተንፈሻው በኩል ውኃ ይስባል። ወንዝ ከመግባታችሁ በፊት ትንሽ ብታቀዘቅዟት የሻይ ጊዜ ነው እንጂ አይጎዳችሁም።

በዘይት የተነከረ የፍሬን ሸራ በቤንዚን አጥቦ መመለስ የተለመደ ነው። አታድርጉት። ሸራው ዘይቱን ወደ ውስጥ ጠጥቶታል፣ ሲግል መልሶ ያወጣዋል፣ የሚግለው ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነው። የቀኙ ከተበላሸ የግራውም አብሮ ይቀየር፣ አለዚያ መሳቡ አይተዋችሁም።

ከዚያ በኋላ ወደ ሞተሩ ፍሳሽ ተመለስን። የሀጂ ሕግ አንድ ነው፦ ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ በነፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚወጣበት ቦታ አይደለም። ከርጥቡ ሁሉ ከፍ ያለውንና ወደ ፊት የቀደመውን ፈልጉ። ለዚህ ደግሞ ሞተሩ መጽዳት አለበት። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ዲናሞውንና የአየር መሳቢያውን በፌስታል ሸፍናችሁ በናፍጣና በብሩሽ ፈግፍጉት፣ በዱቄት ሳሙና ታጥቦ ይድረቅ። ሲደርቅ በጠረጠራችሁት ቦታ ዙሪያ የሕፃን ፓውደር ነስንሱ። ከዚያ ፒያሳ ደርሳችሁ ተመለሱና በባትሪ እዩ። ነጩ ፓውደር ላይ ዘይት የሄደበት መንገድ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል።

የእኔ መስመር የጀመረው ከሞተሩ አናት፣ ከቫልቩ ክዳን የኋላ ጥግ ነው። ጓርኒሲዮኑ (ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ) ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሆኗል። ዘይቱ ከዚያ በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) ጀርባ ይወርድና የፍሪሲዮኑን ቤት ተከትሎ ከታች፣ ልክ የኋላ ኦይል ሲል በሚንጠባጠብበት ነጥብ ላይ ይወርዳል። ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ስለሆነ እጅ ሰዶ ካልዳሰሱት ወይም በመስታወት ካላዩት አይታይም። ካምቢዮ ያስወረደኝ ፍሳሽ ይሄ ነበር። የጓርኒሲዮኑ ዋጋ ካምቢዮውን ለማውረድ ከከፈልኩት ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ማንም የኋላ ሲል ነው ቢላችሁ በመጀመሪያ የቫልቩ ክዳን ጥግ ደረቅ መሆኑን በጣቱ ነክቶ ያሳያችሁ።

እዚህም ላይ መተንፈሻ አለ። ከቫልቩ ክዳን ወደ አየር መሳቢያው የሚሄድ ወፍራም ጎማ ቱቦ አይታችኋል? ሞተሩ ከውስጥ የሚተነፍሰው በእሱ ነው። የእኔው በዝቃጭ ጠቦ ነበር። ቱቦውን ሳታጸዱ ሲልና ጓርኒሲዮን መቀየር ከዲፈረንሻሉ ጋር አንድ ዓይነት ልፋት ነው። ካጸዳችሁ በኋላ ሞተሩ በቀስታ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱና ቦታው ላይ እንዲሁ አስቀምጡት። አሮጌ ናፍጣ ጥቂት መንፋቱ የተለመደ ነው። ክዳኑ የሚዘል፣ ጭስ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ግን የፒስተን ፋሻዎቹ ደክመዋል ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ሲል ብትቀያይሩ ብዙ አይቆይላችሁም። ዘይት እየጨመሩ መንዳት ወይም ሞተር ማሠራት፣ ምርጫው የኪስ ነው።

ማታ ስታቆሟት ከሥር ካርቶን አንጥፉ፣ የፊት ጎማ የቱ ጋ እንደነበረ ምልክት አድርጉበት። ጠዋት ካርቶኑ ብዙ ይነግራችኋል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥቁር ነው። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራምና ሽታው የማይረሳ ነው። የመሪ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው። የራዲያተር ውኃ ከነቀለሙ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል፣ ግን አትቅመሱት፣ መርዝ ነው። የፍሬን ዘይት ቀጭን፣ ወደ ቢጫ የሚያደላና የሚያሟልጭ ነው፣ የነካውን ቀለም ይልጣል። ካርቶኑ ላይ የፍሬን ዘይት ካያችሁ በዚያች መኪና ዛሬ ወደ ሐረጎ አትሂዱ፣ ሌላውን ቀጠሮ መስጠት ይቻላል። የፍሪሲዮኑም ዘይት ያው ዓይነት ስለሆነ ጋቢና ውስጥ ከፔዳሉ በላይ ያለውን ዘንግ ዳስሱ፣ ርጥብ ከሆነ የላይኛው ፖምፓ ነው። እና እባካችሁ፣ የፍሬን ዘይት አጥታችሁ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት አትጨምሩ። በውስጡ ያሉት ጎማዎች አብጠው ሁሉም ይበላሻሉ፣ ከላይ እስከ ጎማው ድረስ ሁሉንም መቀየር ይመጣል።

ስለ ውኃ አጭር ልበል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በዚህ ከፍታ ተራ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር የሚሠራው በዚያው ሙቀት አካባቢ ስለሆነ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ብቻ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ከሆነ እዚሁ ደሴ ላይ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ይዞ ቴስታታ ያስከፈተ ሰው አውቃለሁ። ውኃ እየጎደለ የሚንጠባጠብ ካላያችሁ ክዳኑን ቀይሩ፣ ከዚያ ከውኃ ፖምፓው ዘንግ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ እዩ። ቀዳዳዋ የተሠራችው ፖምፓው ሲደክም እንድትናገር ነው፣ ከእሷ ውኃ ከመጣ ፖምፓው አልቋል። በምንም ሙጫ አትድፈኗት።

አሁን ወደ ኳኳታው። የፊቱ እግር ኮብልስቶን ላይ «ቋ ቋ» ማለት ሲጀምር ሌላ ጋራዥ ሾክ ነው አለ፣ አራቱም ተቀየሩ። ሾኮቹ በእርግጥ አርጅተዋል፣ ሁለቱ ከላይ እስከ ታች ዘይት ተፍተው አቧራ ጋግሮባቸዋል። ኳኳታው ግን ከጋራዡ በር ሳንወጣ ነበር። ሾክ የሚያስጮኸው ብዙ ጊዜ ጫፎቹ ላይ ያለው ጎማ ሲያልቅ ነው። አካሉ ዘይት መትፋቱ መኪናዋን ያንሳፍፋታል እንጂ ኳኳታ የግድ አያመጣም።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ለዩ። በቀስታ ድንጋያማ መንገድ ላይ ነው? ፍሬን ስትይዙ ብቻ ነው? ቆማ መሪ ስታዞሩ ነው? ማርሽ አስገብታችሁ ስትነሱ አንዴ «ጓ» ብሎ ዝም የሚል ነው? ይህ የመጨረሻው ብዙውን ጊዜ እግር አይደለም፣ ከካምቢዮ ወደ ኋላ በሚሄደው ዘንግ ላይ ያለው ክሮቼራ የሚባለው የመስቀል መጋጠሚያ ነው። ዘንጉን በእጃችሁ ይዛችሁ ስታወዛውዙ ይሰማችኋል። ወገኑን ለመለየት ደግሞ መስታወት ከፍታችሁ ረጅም የግንብ አጥር ተጠግታችሁ በቀስታ ንዱ፣ ግንቡ ድምፁን ይመልስላችኋል። ዞራችሁ በሌላው ወገን ሞክሩ። ባዶዋንና ተጭናም ሞክሯት፣ ስትጫን የሚጠፋ ድምፅ ከኋላ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሀጂ ጋ ስንመጣ መኪናዋን ክሪክ ላይ እንኳ አልሰቀሏትም። መሬት ላይ እንዳለች ረዳታቸው ጋቢና ገብቶ መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ እንዲያወዛውዝ አደረጉ፣ እኔን ከሥር አስተኙኝ። «በጆሮህ አትፈልግ፣ በመዳፍህ ፈልግ» አሉኝ። አንድ በአንድ የመሪውን መጋጠሚያዎች ጨበጥኩ። የመጀመሪያው ምንም የለም። ቀጣዩም። ከመሪው ሳጥን ትይዩ፣ በሌላው ወገን ሻንሲው ላይ የታሰረችውን አይድለር አርም ስይዝ መሪው በዞረ ቁጥር በመዳፌ ውስጥ «ጠቅ» አለች፣ ወደ ላይና ወደ ታችም ትነቃነቃለች። በዙሪያዋ ቀይ የዝገት ዱቄት ነበር። ይህን ዱቄት አስታውሱት፦ ብረት ከብረት እየተፋተገ የሚኖርበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ያለ ቡናማ ቀይ ዱቄት ይተፋል። ታጥቦ በማያውቅ የመኪና ሆድ ውስጥ ከድምፅ ይልቅ ይህ ዱቄት ቶሎ ያደርሳችኋል።

አይድለር አርሟ ተቀየረች፣ ትልቁ ኳኳታ ሄደ። ትንሽ ግን ቀረ። ቦል ጆይንቱ (የጎማውን መያዣ ከክንዱ ጋር የሚያጋጥመው ክብ መጋጠሚያ) ነበር፣ ጋራዡ ፈትሾ ጤነኛ ነው ያለው። ለምን እንደሸወደው ሀጂ አሳዩኝ። እንደኔዋ ቶርሽን ባሩ ከታችኛው ክንድ ጋር የታሰረባት ሂሉክስ ክሪክ ሻንሲው ላይ ገብቶ ስትነሣ ዘንጉ የታችኛውን ክንድ ወደ ታች ይገፋል፣ ቦል ጆይንቱ ተወጥሮ ይያዛል፣ ልቅነቱ ይደበቃል። ክሪኩ ከታችኛው ክንድ ሥር፣ ወደ ጎማው ተጠግቶ መግባት አለበት። ያን ጊዜ ቦል ጆይንቱ ነፃ ይሆናል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ አወዛውዙ፣ ወይም ከሥሩ በረጅም ብረት ወደ ላይ አንሡት። ልቅ ከሆነ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና ድገሙት። ፍሬን ሲረገጥ ልቅነቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንት ነው። በግራና በቀኝ ይዛችሁ ስታወዛውዙ ብቻ የሚለቅ ደግሞ የመሪ ጫፍ ነው። ከሥር ከመግባታችሁ በፊት ግን የብረት ድጋፍ ወይም ወፍራም ግንድ አስገቡ። ክሪክ ብቻ አምኖ ከመኪና ሥር መተኛት በነፍስ መቀለድ ነው።

ቦል ጆይንትን በብየዳ «አጥብቄ» እሰጣለሁ የሚል አለ። ለባሌስትራ ቡሽ (በመጋጠሚያው ውስጥ የሚገባው ማቀፊያ) ቶርኖ ቤት ማስቆረጥ ይቻላል፣ እኔም አስቆርጫለሁ። ቦል ጆይንት ግን ሲወጣ ጎማው ወደ ውጭ ይተኛል፣ መሪ የሚባል ነገር አይኖራችሁም። እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

ሲጢጥ የሚለው ድምፅ ሌላ ነው፣ እሱ የጎማ ቡሽ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን በስታችሁ ውኃ ሙሉ፣ አንድ ሰው መኪናዋን እየጫነ ይልቀቃት፣ እናንተ ቡሾቹን አንድ በአንድ አርጥቡ። ያረጠባችሁት ሲጢጥታውን ለጊዜው ካቆመ አገኛችሁት። ግሪስ ወይም ናፍጣ ቀብቶ ዝም ማሰኘት ይቀናናል፣ ጎማውን ግን ያሳብጠዋል፣ ያሟሟዋል። ቡሽ ስታስቀይሩ ደግሞ የክንዱ ቡሎን የመጨረሻ ጥብቀት መኪናዋ በጎማዋ መሬት ቆማ ነው የሚሰጠው። ተሰቅላ እግሯ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ ስትወርድ ጎማው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ አዲሱ ቡሽ ዓመት ሳይሞላው ይቀደዳል። «አውርዷትና አጥብቁ» ማለት አያሳፍርም። እኔ ስል አንዱ ልጅ ስቆብኛል፣ ግን አወረዳት።

የኋላው ባሌስትራ ላይ ያገኘነው ነገር ከሁሉም ያስደነገጠኝ ነው። የቀድሞው ባለቤት ጭነት ለመጨመር አንድ ተጨማሪ ባሌስትራ አስገብቷል፣ አክሱን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩትን ዩ ቦልቶች ግን አልቀየረም። ስለዚህ አጥረው ዳዶው (የቡሎኑ ማጥበቂያ) የያዘው ጥቂት ጥርስ ብቻ ነው። ዩ ቦልት ሲላላ አክሱን የሚይዘው መሐል ያለው ሴንተር ቦልት ብቻ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ለዚያ አልተሠራም፣ ይቆረጣል። ከተቆረጠ አክሱ ይንሸራተታል። ከባሌስትራው የፊት ዓይን እስከ አክሱ ያለውን ርቀት በሁለቱም ወገን በሜትር ለኩ፣ እኩል ካልሆነ መንሸራተት ጀምሯል። ከኋላችሁ የሚነዳ ሰው «መኪናህ ጎኗን ሰጥታ ነው የምትሄደው» ካላችሁ ይህንኑ ነው የሚላችሁ። አዲስ ዩ ቦልት ስታስገቡ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ አስጠብቁ፣ መላላቱ አይቀርም። ባሌስትራዎቹን በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ ሴንተር ቦልቱ አጠገብና ዓይኖቹ ዘንድ ስንጥቅ ፈልጉ። እኔ ተጨማሪውን ባሌስትራ አስወጥቼዋለሁ። ባዶዋን ስትሆን ሽንጥ ይቆርጥ ነበር፣ ተጭናም ቢሆን ሻንሲዋ የተሠራው ለዚያ ክብደት አይደለም።

አንድ የባቲ መንገድ ወዳጄ ከኋላ የሚመጣ ኳኳታ ለማጥፋት ሾክ ቀየረ፣ የባሌስትራ ቡሽ ቀየረ፣ ክሮቼራ ቀየረ። በመጨረሻ የተገኘው ከጭነቱ ሥር የተንጠለጠለው ትርፍ ጎማ ሰንሰለቱ ላልቶ ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ነፃ የሆኑትን ጨርሱ፦ ትርፍ ጎማውን፣ የኋላውን ሳንቃ መዝጊያ፣ የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ማንጠልጠያ ጎማ፣ ከወንበር ጀርባ የወረወራችሁትን ክሪክ።

ዕቃ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጻፉ። ሂሉክስ ከዓመት ዓመት፣ አንድ ዲፈረንሻል ካላት ሁለት ዲፈረንሻል ካላት ይለያያል፣ «ይገጥማል» የሚል ሱቅ አትመኑ። ኮፒ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ሾክ ኮፒ ገዝቼ ቆይቶልኛል። ኦይል ሲልና ቦል ጆይንት ላይ ግን ኦሪጅናል ጠይቁ። ሲል ከመግጠማችሁ በፊት የአክሱን ዘንግ ሲሉ የሚቀመጥበትን ቦታ በጥፍራችሁ ዳብሱ፣ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለበት ምንም ዓይነት ኦሪጅናል አይዘጋውም፣ ሲሉን ጥቂት ሚሊ ሜትር ገፋ አድርጎ ያልተበላ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ወይም ዘንጉን ማደስ ያስፈልጋል።

አሁን እኔ ጋ የቀረችው ከመሪው ፖምፓ ሥር ያለች ቀይ ርጥበት ናት። ፖምፓው ይቀየር ያለኝ አለ። አጥቤ፣ ፓውደር ነስንሼ አይቻለሁ፦ የምትመጣው ከፖምፓው ሳይሆን ከመመለሻው ቱቦ ማሰሪያ ነው። በሚቀጥለው የኮምቦልቻ ጉዞ ማሰሪያውንና ያችን ጭብጥ የማትሞላ ቱቦ እቀይራለሁ፣ ፖምፓው ይቆይ።